ብርሃን የበላው ስምንት እርምጃ

ያ ረቡዕ ከሌላው ረቡዕ የሚለይበት ነገር አልነበረም። ጥምቀት ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የእኛ ስንዴ ዘግይቶ ስለተዘራ ገና አውድማ ላይ ነበር። ጠዋት በሬዎቹን ስናዞር ቆይተን፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ እስኪነሳ ቁጭ ብለን እንጠብቅ ነበር። ቁጭ ብለን ስል እኔ፣ እናቴና ከቤተ ልሔም ደብር ሊጠይቁን የመጡት አጎቴ መሪጌታ ላቀ ማለቴ ነው። ወንድሜ አንዷለም አልተቀመጠም። እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አውድማውን ይዞር ነበር።

አንዷለም በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። አያ እያልኩ ነው የምጠራው። እኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ቤት ተመልሼ ነበር። እሱ አርብ ገበያ ከተማ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ሠርግና ክርስትና በቪዲዮ ይቀርጻል። ከእስቴም ከስማዳም ይጠሩታል። በአካባቢያችን አንዷለም ሙሽራ የቀረጸበትን ቤት ከመቁጠር ያልቀረጸበትን መፈለግ ይቀላል።

በዚያ ቀን የያዘው ግን የሠርግ ካሜራውን አልነበረም። ባሕር ዳር አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው የገዛው፣ ከጡብ የሚያንስ፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት በሞላ የሚሠራ ካሜራ ነበር። ባትሪ አይፈልግም። ፊልሙ ስምንት ሚሊሜትር የሚሉት ነው። በላዩ የምትወጣው አንዲት ሥዕል የምስር ፍሬ ታክላለች። አንድ ጥቅል ሙሉው ቢቀረጽበት አራት ደቂቃ ነው። ከዚያ ያልቃል።

መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «በኪስህ ያለው ስልክ ቀኑን ሙሉ ይቀርጽ የለም? ለአራት ደቂቃ ብለህ ነው ይህን ሁሉ የምትዞረው?» አሉት።

«መሪጌታ፣ ማተሚያ ቤት እያለ እርስዎ ለምን የፍየል ቆዳ ይፍቃሉ?»

«እሱማ ብራና ነው።»

«ይሄም ብራና ነው።»

አጎቴ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆዳ ሲወጥሩ፣ ሲፍቁ፣ ቀለም ሲበጠብጡ ኖረዋል። እናቴ ወንድሟ መልስ ሲያጡ ማየት ስለምትወድ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እሳቸው ወደ እኔ ዞር ብለው «ይህ ወንድምህ ምላሱን እንደ መቃ ብዕር ቀርጾታል» አሉኝ።

ከዚያ ግን አያ ቀልዱን ትቶ አንድ ነገር ነገራቸው። እኔ ቀድሞ ሰምቼዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ሠርጓን የቀረጸላት አንዲት ሴት ባሏ ሞቶባት መጣች። ሠርጉ የተቀመጠበት ፍላሽ አልከፈትም ብሏት ነበር። እሱ ዘንድ የቀረውም ኮምፒውተሩ ሲበላሽ አብሮ ጠፍቷል። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። አመስግናው ሄደች። አያ ከዚያ ቀን በኋላ ነው ስለ ትንሿ ፊልም መጠየቅና ማንበብ የጀመረው። ይህን ለመሪጌታ የነገራቸው ዓይናቸውን ሳያይ ነው።

«እኛ አገር መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይሄዳል» አለ። «ይሄን ግን ፀሐይ ላይ አንስቶ ማየት ይቻላል። የሚያስፈልገው ዓይን ብቻ ነው።»

አልዋሸም። ጉድለቱንም ነገራቸው። ፊልሙ ውድ ነው። የሚመጣው ከሩቅ፣ በሰው እጅ ነው። የሚያጥበው ቤት በአገር ውስጥ አላገኘም። ድምፅ አይቀዳም። ለሠርግማ አይሆንም አለ፤ የሠርግ ሰው አራት ደቂቃ ብትሰጠው ይደበድብሃል። ለአጭር ፊልም ግን ይሆናል። እንዲያውም ማጠሩ ይጠቅማል ይል ነበር። ስልክ ስትይዝ መቅረጽ ትጀምርና በኋላ ታስባለህ፤ ይሄን ስትይዝ መጀመሪያ ታስባለህ ይለኝ ነበር። የዚያን ቀን ሊቀርጽ የፈለገው ስለ አውድማ የሚናገር አንድ ፊልም ነው። መቁረጫ መቀጠያ መሣሪያ ስለሌለው ሁሉንም በተራው፣ እዚያው ካሜራው ውስጥ፣ አንድ በአንድ ነው የሚቀርጸው። የሚቀረጹትን ዐሥራ ሁለት ትዕይንቶች በደብተር ላይ አስቀድሞ በሥዕል አስቀምጧቸዋል። ደብተሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በፊት አንድ ጥቅል ሞክሮ ነበር። ያንንም ያጠበው ራሱ ነው፣ በቡና። ከኢንተርኔት አግኝቶት ነው። በጣም የወፈረ ቡና፣ ምጣድ ላይ የታመሰ ሶዳ፣ የቫይታሚን ሲ ክኒን። ሥዕሉ እንዳይጠፋ የሚያጸናውን ኬሚካል ብቻ ባሕር ዳር ካለ የድሮ ፎቶ አንሺ አገኘ። ከጥቅሉ እኩሌታው ተበላሸ። እኩሌታው ወጣ። ይህን ሲነግራቸው መሪጌታ «ቡናውን ጠጥተህ አተላውን አልነበረም ወይ ለፊልሙ የምትሰጠው?» አሉት። እሱም ሣቀ።

ስድስተኛው ሥዕል ላይ ስንደርስ ካሜራውን ለእኔ ሰጠኝ።

ደነገጥኩ። ደብተሩ ላይ «አንድ ሰው ከክምሩ ወደ እኛ ይመጣል» ይላል። ሰውየው እኔ እሆናለሁ ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

«አንተ ያዘው ጌቴ» አለኝ። «ሞላው ተጠምዝዟል። ይሄን ተጫን። እስከ ዐሥር ቁጠር። ልቀቅ። እኔ እሄድልሃለሁ።»

«ባበላሸውስ?»

«ከተበላሸ ተበላሸ። ሁለተኛ የለውም። ጥሩነቱ እሱ ነው።»

ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ ወደ ክምሩ ሄደ። በመካከላችን ገለባ የምንበትንበት መንሽ መሬት ላይ ተሰክቶ ቆሟል። እጄን አነሳሁ። ተጫንኩ። ካሜራው እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። እሱ መጣ። የካሜራ ቦርሳ ለዓመታት ስለተሸከመ ግራ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ነው የሚራመደው። መንሹን አለፈ። ቀረበ። ስምንት ላይ ፊቱ የማይባትን የካሜራውን መስኮት ሞላት። ዘጠኝ ላይ ሣቀ። ዐሥር ስል እጁን ዘርግቶ የካሜራውን መነጽር ሸፈነብኝ። «በቃ» አለ።

ያንን ፊት ከእኔ በቀር ያየው የለም።

በኋላ ነፋሱ ተነሳና ሁላችንም ወደ ሥራ ተመለስን፤ አያ ግን ለቀሩት ሥዕሎች ምልክት ይሁን ብሎ ያን መንሽ አላስነካንም፣ በሌላ ሠራን። ማታ ካሜራውን ግድግዳው ላይ ካለችው ምስማር ሰቀለው። የቀሩትን ስድስት ሥዕሎች ቅዳሜ እንጨርሳለን አለ። በማግሥቱ ወደ ወገዳ ለሠርግ ተጠርቷል። ከመተኛቱ በፊት ስለ ክዳኑ ያስጠነቀቀኝ እኔን ብቻ ነው። ፊልሙ ውስጥ እንደ ድውር ክር እየተጠቀለለ ነው የሚሄደው አለኝ። መጀመሪያ የተቀረጸው ከሥር፣ መጨረሻ የተቀረጸው ከላይ ይሆናል። ክዳኑ ከተከፈተ ብርሃን ከላይ ጀምሮ ይበላዋል። «እንዳትከፍተው። ሌላም ሰው እንዳይከፍተው» አለኝ።

እሺ አልኩት።

ሐሙስ ጠዋት የተሳፈረበት ሚኒባስ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልችልም። ከተሳፈሩት የሞተው እሱ ብቻ ነው። የሠርግ ካሜራውም አብሮት ተሰበረ። ከሰዓት በኋላ ሬሳውን ሰዎች ተሸክመው ወደ ግቢያችን ሲገቡ እኔ ለበሬ ውሃ እየቀዳሁ ነበር። ባልዲውን ሳላስቀምጥ ብዙ ጊዜ ቆምኩ መሰለኝ። ሰው ነው ከእጄ የወሰደው።

ቀብሩ አርብ ሆነ። የገበያ ቀን ስለነበር ወደ አርብ ገበያ አህያ ጭኖ የሚሄደው ሁሉ መንገዱን ትቶ ወደ እኛ መጣ። ሙሽሮቹም መጡ። የቀረጻቸው ማለቴ ነው። አንዳንዶቹ ልጅ አዝለዋል።

በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ዕቃ ይወጣል። ልብሱ፣ የሚሠራበት መሣሪያ፣ ያለው ነገር ሁሉ ለቀስተኛው ፊት ይያዛል። አልቃሿ ዕቃውን እያየች ሥራውን ትጠራለች። አሁን አሁን ደግሞ የሟች ፎቶ በትልቁ ታትሞ ከሬሳው ፊት ይሄዳል። የአንዷለምን ፎቶ ፈለግን። የለም። ሰዉ ሁሉ ስልኩን እያወጣ ፈለገ። በአንዱ ስልክ ጥላው መሬት ላይ ወድቋል። በሌላው የሙሽራ ቬሎ የሚያስተካክል እጁ አለ። ፊቱ የለም። ሁልጊዜ ከካሜራው ጀርባ ስለሆነ የለም። የራሱ ስልክ አልተሰበረም፣ ግን የሚከፈተው በጣቱ ነው። እሱ ደግሞ ተገንዟል። ጓደኛው ስልኩን ይዞ ጥቂት ቆመና መልሶ ኪሱ ከተተው።

እናቴ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልጮኸችም። ልብሱን አቅፋ ትወዛወዛለች። «ልጄ መልክ የለውም ወይ?» አለች። «መልክ የሌለው ሰው ነው ወይ የወለድኩት?»

ያን ጊዜ እኔ አንድ ነገር ተናገርኩ። ላጽናናት ብዬ ነው። አጠገቧ ተንበርክኬ «አለ እማ። መልኩ አለ። ረቡዕ ዕለት እኔ ራሴ ቀርጬዋለሁ። በዚያች ካሜራ ውስጥ ነው» አልኳት።

እውነቴን ነው። ግን ግማሹን እውነት ነው የነገርኳት። ሥዕሉ ገና አልታጠበም፣ ማንም አያየውም የሚለውን አልጨመርኩም። ዓይኗ ሲበራ ስላየሁ መቀጠል አቃተኝ።

መሪጌታ ከጀርባዬ ቆመው ሰምተዋል። ገብተው ካሜራውን ከምስማሩ አወረዱት። ይዘውት ወጡ። ከድንኳኑ ውጭ፣ ፀሐዩ ላይ፣ ሰዉ በከበባቸው መካከል ቆሙ። እጃቸው የለመደ ነው። በሁለት አውራ ጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱ። መክፈቻዋን አገኟት። እኔ ሦስት እርምጃ ያህል ርቄ ነው ያለሁት። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ አውቄያለሁ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። «አይክፈቱት» ማለት ብቻ ነው፣ አንድ ቃል።

አላልኩም።

ለምን እንዳላልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። መሪጌታ ናቸው። ያሳደጉን ናቸው። ቀብር ላይ፣ ያ ሁሉ ሽማግሌና ካህን ባለበት፣ እኔ የቤቱ ታናሽ እሳቸውን ተው ማለት አልመጣልኝም። አንድ ሰው ይናገራል ብዬ የጠበቅሁም ይመስለኛል። የሚያውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላው የሚያውቅ ሰው ሳጥን ውስጥ ነው።

ክዳኑን እንደ መጽሐፍ ገለጡት። የቀትር ፀሐይ ገባበት።

አጎቴ ሞኝ አይደሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያወቁት አንድ ነገር ነው። የተጻፈ ነገር አልታይ ሲልህ ትገልጠዋለህ፣ ወደ ብርሃን ታቀርበዋለህ። ብራናም ሲደበዝዝ እንዲሁ ነው የሚደረገው። ፊልሙን በሁለት ጣታቸው ያዙና ስንዝር የምታህል ወደ ውጭ ሳቧት። ወደ ፀሐይ አነሷት። ዓይናቸውን አጠበቡ። ምንም የለባትም፣ እንዳልተጻፈበት ብራና ናት።

«የታለ?» አለች ተከትላቸው የወጣችው እናቴ።

ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። ጋቢዬን አውልቄ በእጃቸውና በካሜራው ላይ ጣልኩት። ከበላዩም ወደቅሁበት። ሰዉ በሐዘን አእምሮው ተነካ ብሎ ሊይዘኝ መጣ። እኔ ጋቢው ውስጥ እጄን ከትቼ ክዳኑን እየፈለግሁ ነው። ዘጋሁት። እጃቸው ከእጄ ሥር ነበር፤ አላነሱትም።

ሬሳው ወጣ። ቀበርነው። ከቀብር ስንመለስ መሪጌታ ከቤታችን ጀርባ ጠርተው አስቀመጡኝ።

«ምን ነበር ያደረግሁት?» አሉኝ።

«ብርሃን ይበላዋል መሪጌታ።»

«ሁሉን?»

«አላውቅም። ከሥር የተጠቀለለው ይተርፋል ይል ነበር።»

«እሱ ያለው የት ነው?»

መዋሸት እችል ነበር። «ከላይ ነው» አልኳቸው። «መጨረሻ የተቀረጸው እሱ ነው።»

 ከዚያ «ለምን አልከለከልከኝም?» አሉ። አልተቆጡም። መልሱን ፈልገው ነው የጠየቁኝ። መሬት መሬቱን አየሁ። እሳቸው ግን ከራሴ ላይ እጃቸውን አኖሩ። «እኔን ፈርተህ ነው» አሉ። «እኔ ነኝ ለካ ያስፈራሁህ።» ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ። የጻፍኩትም ለዚሁ ነው። ከዚያ በፊት እኔ ዝም ማለትን ጨዋነት ብዬ ነበር የማውቀው። ትምህርት ቤትም ቤትም የተመሰገንኩበት ነገር እሱ ነው። አሁን እንደዚያ አላስብም። አጎቴን ባከብራቸው ኖሮ እናገር ነበር። እሳቸውን ከዚያ ጸጸት ማዳን የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዝም ያልኩት ለራሴ ነው። የምታውቁትን ነገር የምታውቁት እናንተ ብቻ ከሆናችሁ፣ ዝም የማለት መብት የላችሁም። ሳይመሽባችሁ ተናገሩ።

ሁለተኛው ነገር ይቀላል። በየቤታችሁ ሁሉንም የሚያነሳ አንድ ሰው አለ። እናታችሁን፣ ልጆቹን፣ በዓሉን። እሱን ማን አንስቶታል? ዛሬ ካሜራውን ከእጁ ተቀበሉትና ወዲያ ቁም በሉት። በስልክም ቢሆን። ስለ ትንሿ ፊልም ይጠቅማል አይጠቅምም ለሚሉኝ የምመልሰው ብዙ የለኝም። ውድ ናት፣ አስቸጋሪ ናት፣ አንድ ክዳን ያጠፋታል። ስልክም በአንድ ጣት ይዘጋል። ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ። እኔ የማውቀው በዚያች ቅዳሜ ጠዋት የሆነውን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቼ የአያን ደብተር አወጣሁ። ከዐሥራ ሁለቱ ሥዕሎች በስተጀርባ የማጠቢያውን አሠራር ጽፎታል። ፊልሙን ኬሚካሉን ለሰጠው የባሕር ዳሩ ፎቶ አንሺ ልንልከው እንችል ነበር። እሱም ልኩልኝ ብሎ ነበር። ግን እናቴ ከቀብር በኋላ የተናገረችው አንድ ቃል ብቻ ነው፣ «የታለ?» የሚለው። ወደ ጓዳ ስገባ ስወጣ ትጠይቀኛለች። ያልተቀረጸው እኩሌታም አለ። ፊልሙን እንዳለ ካጠብኩት የቀሩት ስድስት ሥዕሎች አይቀረጹም፣ የአያ ፊልም ሳያልቅ ይቀራል። ደብተሩን ይዤ ጥቂት አሰብኩ። ስድስቱ ይቅሩ አልኩ።

መሪጌታን «ዛሬ አጥበዋለሁ» አልኳቸው። ልጠይቃቸው አልነበረም፤ ነገርኳቸው። እንዲህ ስናገራቸው የመጀመሪያዬ ነው።

«እኔስ ምን ልሥራ?»

«ዐሥራ አምስት ደቂቃ ይላል። ጨለማ ውስጥ ነው። ስልክ ማብራት አይቻልም።»

አሰቡ። «የዘወትር ጸሎት ሳልቸኩል ባደርስ እሱኑ ያህላል» አሉ።

የታመሰው ሶዳ በቆርቆሮ፣ ክኒኑ በወረቀቱ፣ የሚያጸናው ኬሚካልም በጠርሙሱ ከአያ ሣጥን ተገኘ። ቡናውን ጎረቤቶች ያፍሉልኝ ብዬ ስናገር እናቴ ሰማች። «ለምን ነው?» አለች። ነገርኳት። አልመሰላትም። ግን ተነሣች። ሙቀጫውን ወደ ራሷ ሳበችና ራሷ ወቀጠችው። ወፍራም ይሁን አልኳት። ማንኪያ እስኪቆም አወፈረችው። በቀዝቃዛ ውሃ መካከል አስቀምጠን አበረድነው።

ጓዳውን አያ ለመጀመሪያው ጥቅል ሲል የቆርቆሮውን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃና በእበት ደፍኖት ነበር። በሩ ላይ ሦስት ጋቢ ሰቀልን። እኔና መሪጌታ ገባን። ምንም አይታይም። ካሜራውን ከፈትኩ። በዚህኛው ጊዜ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ፊልሙን በእጄ እየመዘዝኩ ቡናው፣ ሶዳውና ክኒኑ የተቀላቀሉበት ባልዲ ውስጥ ለቀቅሁት። «ይጀምሩ» አልኳቸው።

ጀመሩ። በጨለማው ውስጥ ድምፃቸው ብቻ ነው ያለው። እኔ እጄን እስከ ክርኔ ቡናው ውስጥ ነክሬ ፊልሙን ቀስ እያልኩ አገላብጠዋለሁ። እንደ እባብ ይጠመጠምብኛል። በመካከል አንድ ቦታ ድምፃቸው ተሰበረና ቆሙ።  አልቸኮሉም፣ አልዘለሉም። ካቋረጡበት ቀጠሉ። አሜን ሲሉ ቡናውን ደፍቼ አለቀለቅሁት፤ የሚያጸናውን ኬሚካል ጨመርኩ። እንደ ደብተሩ ትእዛዝ አምስት ደቂቃ ቆየን። በመጨረሻ እንደገና አጠብኩት።

«ልክፈተው?» አሉኝ መሪጌታ፣ በሩ ጋ ሆነው።

«አሁን ይክፈቱት» አልኳቸው።

ፊልሙን ከጎተራው እስከ አጥሩ በተዘረጋው ገመድ ላይ ሰቀልነው። ውሃው ይንጠባጠባል። እጄ ቡናማ ሆኗል። መጨረሻው፣ ያልተቀረጸው ክፍል፣ ባዶ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ድፍን ጥቁር ነው። ብርሃን የበላው እንደዚያ ጥቁር ሆኖ ነው የሚወጣው። መሪጌታ ጥቁሩን አዩና ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ግን ወደ ኋላ፣ ወደ ውስጠኛው፣ በጣቴ እየተከተልኩ ሄድኩ። ጥቁሩ ቀስ በቀስ ከዳር ዳር እየሸሸ ይሄዳል። ሥዕሎች መታየት ጀመሩ።

መሪጌታ ብራና የሚያነቡበትን አጉሊ መነጽር ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። አላየሁበትም። እናቴን ጠራሁ።

«ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚታይሽ እማ። እንዳትደነግጪ» አልኳት። መነጽሩን ዓይኗ ላይ ያዝኩላት። ፀሐይዋ ከፊልሙ በስተጀርባ ነበረች። ፊቱ የሚታይበት፣ የሣቀበት፣ እጁን የዘረጋበት ሁሉ ጥቁሩ ውስጥ ቀርቷል። የተረፈው ከሩቅ ነው። ከጉንዳን የማይበልጥ ሰው፣ ጥቁር ጋቢ የለበሰ የሚመስል፣ ከክምሩ ተነሥቶ ይራመዳል። ቆጠርኩት፤ ምስር ምስር የሚያህል ስድሳ አንድ ሥዕል ነው። አራት ሰከንድ አይሞላም።

እናቴ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረች አየች። ለእያንዳንዱ ጊዜ ሰጠችው። ፊት ስላልነበረው አታውቀውም ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ግራ ትከሻው» አለች።

ከዚያ ብዙ ቆይታ «እየመጣ ነው» አለች። ወደ መሪጌታ ዞረች። «አየህ ወንድሜ? እየሄደ አይደለም። እየመጣ ነው።»

ፊልሙ እስኪደርቅ ጠበቅን። መሪጌታ በትከሻቸው ካንጠለጠሉት የቆዳ ማኅደር ውስጥ የጸሎት መጽሐፋቸውን አወጡ። እኔ ፊልሙን ጠቀለልኩት። ማኅደሩ ውስጥ አስገቡት፤ ክዳኑንም ራሳቸው አሰሩት። ለእናቴ ሰጧት። መጽሐፋቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ያዙ።

እኔ ወደ አውድማው ወረድኩ። ከረቡዕ ወዲህ ማንም አልነካውም። መንሹ ተሰክቶ እንደቆመ ነው። በመጨረሻዋ ጥርት ባለች ሥዕል ላይ አያ ከመንሹ አጠገብ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ያለው ጨልሟል። መንሹ አጠገብ ቆምኩ። ረቡዕ ካሜራውን ይዤ የቆምኩበትን ቦታ አየሁ። ከመንሹ እስከዚያ ስምንት እርምጃ ነው።

ሄድኩት።